ማሳደግ ወይስ ጉዲፈቻ?

የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ ወስዶ ማሳደግ በአገራችን የቆየ ደግነት ነው። ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያደገ ልጅ ግን፣ አሳዳጊው ሳይናዘዝ ከሞተ፣ «እማዬ» እያለ ባደገበት ቤት እንደ ልጅ ወራሽ አይደለም፤ የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ ቁልፉን ለሌሎች ያስረክባል። በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ግን፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ እንደ አብራክ ልጅ ያስቆጥረዋል። ለዚህ ነው ጉዲፈቻ ይሻላል የምለው።

«ከወለዱት ይነጥለዋል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሕጉ ግን ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ትስስር አይበጥስም። «ፍቅር ወረቀት አይሻም» ለሚሉም፣ ወረቀቱ የሚያስፈልገው አፍቃሪው በሌለበት ቀን ነው። የሰው ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ሕጉ ጉዲፈቻን የሚፈቅደው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ነውና አትዘግዩ።