መንግሥት ሙፍቲ ሲሆን፤ ከአወሊያ እስከ ጅግጅጋ

ስለ ሃይማኖት ነፃነት ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው የሁለት እምነት ተከታዮችን ግጭት ነው። ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም በሆነበት የሶማሌ ክልል የሙስሊሙ የእምነት ነፃነት ጥያቄ ሊሆን አይችልም ብለው የሚከራከሩኝ ወዳጆችም አሉኝ። እኔ ግን አልስማማም። ይህን ነፃነት በማክበርም ሆነ በመጣስ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጎረቤት ሳይሆን መንግሥት ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 27 መሠረት እምነትን መግለጽ የሚገደበው በሕግና እንደ ሕዝብ ደህንነት ወይም የሌሎች መብት ባለ ምክንያት ብቻ ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል።

ይህ ሕግ ክፉኛ የተፈተነው በ2004 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው ተቃውሞ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። መንግሥት የአህባሽን አስተምህሮ ማስፋፋቱን ያቁም፣ የመጅሊሱ አመራር በሙስሊሙ ይመረጥ፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር የሚሉ ናቸው። ከመንግሥት ጋር እንዲነጋገር የተመረጠው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። አቡበከር አህመድን፣ አህመዲን ጀበልንና ያሲን ኑሩን ጨምሮ ተከሳሾቹ በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 ተፈረደባቸው። በሐምሌ 27 ቀን 2007 የተወሰነው ቅጣት ከ7 እስከ 22 ዓመት ይደርስ ነበር። አህመዲን ጀበል ከእስር የወጡት በየካቲት 2010 ነው።

አህባሽ የሐረር ተወላጅ የሆኑትን፣ ቤሩት የኖሩትን የሼህ አብዱላህ አልሀረሪን አስተምህሮ ይከተላል። ይህ ክርክር ለምሥራቁ ሕዝብ ባዕድ አይደለም። ከጅግጅጋ በስተሰሜን ያለችው አውበሬ (ተፈሪ በር) ስሟ የመጣው መቃብራቸው እዚያው ካለ አንድ ወልይ ነው። የወልይን መቃብር መዘየር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የዑለማ ክርክር ነው። መንግሥት አንዱን ወገን "ትክክለኛ እስልምና" ብሎ ሲያሠለጥን ግን ሙፍቲ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተለየ ሐሳብ ያለው ኡስታዝ ሁሉ የጸጥታ ጉዳይ ይሆናል።

በጅግጅጋ ችግሩ ከዚህም ይብሳል። በአዲስ አበባ ቢያንስ ክስና ችሎት ነበር። በተለምዶ "ጄል ኦጋዴን" በሚባለው እስር ቤት ግን ብዙዎች ከኦብነግ ጋር ግንኙነት አላችሁ ተብለው ያለ ክስ ለዓመታት ይታጎሩ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 ክረምት ባወጣው ሪፖርት 70 የቀድሞ እስረኞችን አነጋግሮ ሥቃዩን ዘርዝሯል። እስር ቤቱ የተዘጋው በመስከረም 2011 ነው። ችሎት በሌለበት ኢማሙ ለስብከቱ ይሁን ለጎሳው እንደታሰረ ማን ይለያል? ፋይል የሌለው እስረኛ የሃይማኖት ነፃነቴ ተጣሰ ብሎ አቤት የሚልበት በር የለውም።

ይኸው ሕግ አልባነት ክርስቲያኑንም አልማረም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 በጅግጅጋ ሁከት ሲነሳ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትም ተገደሉ። የያኔው የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ ሙሐመድ ዑመር በነሐሴ 2010 ተይዘው ተከሰሱ። በመጋቢት 2016 ግን ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። የተጎጂ ቤተሰቦች ይጠብቁት የነበረው ፍርድም በዚያው ቀረ።

መሻሻል አልነበረም አልልም። በ2012 የጸረ ሽብር አዋጁ በአዋጅ 1176 ተተክቷል፤ መጅሊሱም በአዋጅ 1207 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሕገ መንግሥቱም ከ1987 ጀምሮ ነበርና። በእኔ እምነት መለኪያው አንድ ነው። በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ አንድ ሼህ ወይም አንድ ቄስ ሲያዝ ቤተሰቡ በ48 ሰዓት ውስጥ የት እንዳለና በምን እንደተጠረጠረ ያውቃል ወይ?