ተጨማሪ መረጃ፦ ጥቆማው ከደረሰ በኋላ ያሉት 24 ሰዓታት

በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው ጽሑፉን የለጠፈውን ሰው ብቻ አይደለም። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ መሰራጨቱን የሚገልጽ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ያዛል።

ለግለሰቦች ቅጣቱ ግልጽ ነው። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ በንግግሩ ምክንያት በሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ግን እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ማሰራጨት ቅጣቱን ያከብደዋል። “ላይክ” ማድረግ ብቻውን ማሰራጨት አይባልም። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና ዘገባ ወይም ለኪነ ጥበብ የቀረበ ንግግርም በጥላቻ ንግግርነት አይከለከልም። ይህ ጥበቃ ሊዘነጋ አይገባም፤ ያለ እሱ ጥላቻን የሚያጋልጥ ጋዜጠኛ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላልና።

ደካማው ጎን የድርጅቶቹ ተጠያቂነት ነው። ጀርመን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ግልጽ የሆነ ሕገ ወጥ ይዘት በ24 ሰዓት እንዲነሳ ስታዝ፣ ግዴታውን በማይወጡ ኩባንያዎች ላይ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ቅጣት ጥላ ነበር። የእኛ አዋጅ ለዘገየ ድርጅት እንዲህ ያለ ቅጣት አላስቀመጠም።

ጥቆማ ከማቅረባችሁ በፊት የጽሑፉን ሊንክ፣ የስክሪን ፎቶና ቀኑን አስቀምጡ። ይዘቱ አንዴ ከተነሳ ለፖሊስ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል።