በመኪና ጥልፍ ላይ የሚታይ ክፍተትና አጠጋገኑ

በስለት የተገባ የከፋይ መጋረጃ ወይም ለልጅ ክርስትና የታሰበ ነጭ ቀሚስ በመኪና ተጠልፎ ሲያልቅ፥ ብዙ ጊዜ የተመልካች ዓይን ወደ አንድ ስፍራ ይሄዳል፤ ይኸውም የመስቀሉ ሙሌትና ዙሪያውን የከበበው ጠርዝ ሳይገናኙ ቀርተው በመካከላቸው የጨርቁ ቀለም ወደሚታይበት ስፍራ ነው። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊሜትር ላይበልጥ ይችላል። ነገር ግን ከፋዩ ውድ ነው፥ በዓሉ ቀርቧል፥ ባለቤቲቱም ጨርቁን ለመግዛት ስንት ወር እንደ ቆጠበች እርስዋ ታውቃለች። ታዲያ ተርትሮ እንደ ገና መጀመር ይሻላልን? ወይስ በእጅ መጠገን? ስለዚህ ጉዳይ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ያልነውን በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ ወደናል።

አስቀድሞ ጥልፍ ከጥበብ እንደሚለይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሀገር ልብስ ጥበብ ሸማኔው ከድሩና ከማጉ ጋራ ቀለማም ክር እያስገባ የሚሠራው ስለ ሆነ የጨርቁ አካል ነው። ጥልፍ ግን ተሠርቶ ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይጨመራል። ጨርቁና ክሩ ሁለት ናቸውና አንዱ ሌላውን ይስበዋል፤ የአብዛኛው ክፍተት ምንጭ ይህ ነው።

የጠላፊ ሙያ ጥንታዊ ነው፤ በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን ሥራ ከሠሩት ብልሆች አንዱ ኤልያብ ጠላፊ እንደ ነበረ ተጽፏል። መኪናው ግን የቅርብ ጊዜ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. በሙሉዝ ከተማ ዮሱዋ ሃይልማን ብዙ መርፌዎችን በአንድነት የሚያንቀሳቅስ የጥልፍ መኪና ሠራ፤ በ1863 ዓ.ም. ደግሞ የስዊስ ሰው ኢዛክ ግሮብሊ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ያለ ክር አመላላሽ የገባበትን መኪና አወጣ። ዛሬ ደግሞ መኪናው ሥዕሉን ከኮምፒውተር ተቀብሎ ይጠልፋል። በእጅ የምትጠልፍ ሴት ጨርቁ ሲሸሽ አይታ መርፌዋን ታቀናለች፤ መኪናው ግን ጨርቁ ቢሸሽም ባይሸሽም መርፌውን በታዘዘው ስፍራ ላይ ይወጋል።

መኪናው ሙሌቱን የሚሠራው ክሩን ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር እያመላለሰ ነው። በየመመለሻው ክሩ ጠበቅ ይላልና ጨርቁን ወደ መካከል ይሰበስበዋል፤ ስለዚህ ሥራው በክሩ አቅጣጫ ይጠብባል። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ጥቂት ይረዝማል። በኮምፒውተሩ ላይ ፍጹም ክብ የነበረው ሥዕል በጨርቁ ላይ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጠርዙ በመጨረሻ በክቡ ልክ ስለሚሰፋ በሁለት ወገን ክፍተት ይተዋል፥ በሁለት ወገን ደግሞ በሙሌቱ ላይ ይወጣል። ይህን ምልክት ያስተዋለች ሴት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት አይቸግራትም። ክፍተቱ ክሩ በሚመለስባቸው በሁለቱም ዳሮች ከታየ ጥፋቱ የሥዕሉ ነው፤ ጠርዙ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ከታየ ግን ጨርቁ ተንሸራቷል።

የሥዕሉ ጥፋት ሲሆን፥ ሥዕሉን በኮምፒውተር ያዘጋጀው ሰው ሙሌቱን ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ያህል አስፍቶ ከጠርዙ ሥር እንዲገባ ማድረግ ይችላል። ከሙሌቱም በፊት ቀለል ያለ የመሠረት ስፌት እንዲቀድም ያደርጋል፤ ይህ ስፌት ጨርቁን ከሥሩ ካለው ደጋፊ ጋራ ያያይዘዋልና ኋላ የሚመጣው ሙሌት እንደ ልቡ አይስበውም። ብዙዎች ክፍተት ባዩ ጊዜ ክሩን ያበዛሉ። ይህ ማባባስ ነው። በተለመደው የጥልፍ ክር በመስመርና በመስመር መካከል 0.4 ሚሊሜትር ያህል ይተዋል፤ ከዚህ እጅግ ሲያንስ ጨርቁ ይበልጥ ይሳባል፥ ሥራውም እንደ ቆዳ ይደርቃል።

ጨርቁ ተንሸራቶ እንደ ሆነ ግን ነገሩ በጠላፊዋ እጅ ነው። ጨርቁ በቀለበቱ ውስጥ እንደ ከበሮ መወጠር አለበት የሚሉ አሉ፤ እኛ ይህን ምክር ለሁሉም ጨርቅ አንቀበለውም። ሳስቶ የተሸመነ ሸማ እጅግ ከተወጠረ ድሩና ማጉ ይላቀቃል፤ ከቀለበቱ ወጥቶ ወደ ልኩ ሲመለስም በጥልፉ ዙሪያ ይጨማደዳል። መወጠር የሚገባው ከሥር የሚነጠፈው ደጋፊ ነው፤ ሸማው በላዩ ሳይላላና ሳይሳብ ቢያዝ ይበቃዋል። ደጋፊውም በእጅ የሚቀደደው ወረቀት መሰል ሳይሆን በመቀስ የሚቆረጠው ቢሆን ይመረጣል፤ የሚቀደደው በመርፌው ብዛት ተበሳስቶ ጥልፉ ሳያልቅ ሊላቀቅ ይችላልና።

ከፋይ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ጠጉር ስላለው በቀለበቱ መካከል ሲጨመቅ በቀላሉ የማይጠፋ ምልክት ይቀርበታል። ስለዚህ በቀለበቱ የሚያዘው ደጋፊው ብቻ ሆኖ ከፋዩ በላዩ ተነጥፎ ዙሪያውን በረጃጅም ስፌት ይወሰወሳል፤ ጥልፉ ሲያልቅ ውስወሳው ይነቀላል። የከፋዩ ጠጉር በሙሌቱ መካከል ብቅ እያለ ክፍተት እንዳይመስል በላዩ ስስ ልባስ ይደረጋል፤ ትርፉም ኋላ በእጅ ይቀደዳል። የወርቅ መሳይ ክር ቶሎ ስለሚበጠስ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ፥ ለምሳሌ 90 ቁጥር፥ ያስፈልገዋል፤ መኪናውም በዝግታ ይሂድ።

ክር ሲበጠስ መኪናው ወዲያው ካልቆመ ባዶ መርፌውን እየወጋ ጥቂት ይጓዛል፤ በኋላም የተዘለለ ስፍራ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ጨርቁን ከቀለበቱ ሳያወጡ መኪናውን ክሩ ከተበጠሰበት አሥር ስፌት ያህል ወደ ኋላ መልሶ ካለቀው ሥራ ላይ ማስጀመር ነው። አንድ ጊዜ ከቀለበቱ የወጣ ጨርቅ በነበረበት ስፍራ በትክክል ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል። እንግዲህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፥ ሥራው አልቋል ብላችሁ ቀለበቱን ከመፍታታችሁ አስቀድሞ ወደ መስኮት ብርሃን አቅርባችሁ መርምሩት፤ ሰፋ ያለ ክፍተት ቢገኝ ጠርዙን ብቻ ወፈር አድርጎ በመኪናው መድገም የሚቻለው በዚያ ሰዓት ነው። በሙሌቱ ላይ ነጭ ነጥብ ነጥብ የሚታይ ከሆነ ግን ክፍተት አይደለም፤ የላይኛው ክር እጅግ ጠብቆ የታችኛውን ወደ ላይ ስቦት ሊሆን ይችላልና የላይኛውን ማላላት ነው።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ጥልፉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ከሆነ መተርተር ይቻላል። በጀርባው በኩል የታችኛው ክር በትንሽ ስለት በጥንቃቄ ተቆርጦ የላይኛው ይነቀላል፤ የመርፌው ቀዳዳም ጨርቁ ሲታጠብና በጥፍር ቀስ ተብሎ ሲታሽ አብዛኛው ይገጥማል። በከፋይና በሐር ላይ ግን መተርተርን አንመክርም። ቀዳዳው ይቀራል፥ ጠጉሩም ከክሩ ጋራ ይነቀላል፤ አንድ ሚሊሜትር ለማዳን ሲባል መጋረጃው በሙሉ ይጠፋል።

ስለዚህ በከፋይ ላይ የሚሻለው የእጅ መርፌ ነው። ክሩ ከዚያው ከተሠራበት ጥቅልል መሆን አለበት፤ አንድ ቀለም የሚባሉት ጥቅልሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ጊዜ ይለያያሉና፥ ሥራ ሲያልቅ ከየቀለሙ ሁለት ሜትር ያህል ጠቅልሎ ማስቀመጥ መልካም ልማድ ነው። ቀጭን መርፌ ከጠርዙ ሥር ይወጣና በሙሌቱ ውስጥ ይጠልቃል፤ ስፌቱም በክፍተቱ ርዝመት ሳይሆን የሙሌቱን አቅጣጫ ተከትሎ ይሄዳል። በርዝመቱ የተሰፋ እንደሆነ ብርሃን ሲያርፍበት የተጠገነው ስፍራ እንደ ጠባሳ ተለይቶ ይታያል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ቀጭን የወርቅ ገመድ በጠርዙ ላይ አጋድሞ በስስ ክር እያሰሩ መስፋት ይቻላል፤ የወርቅ ክርን በጨርቅ ላይ አጋድሞ ማሰር ከመኪናው በፊት የነበረ ያማረ የእጅ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሱቆች ክፍተቱን በብዕር ቀለም ይቀቡታል። እንደ ፀጉር ለቀጠነ መስመር፥ ቀለሙ የማይለቅ ከሆነ፥ ነውር አንለውም፤ ነገር ግን በቀለም የተሸፈነውን ለገዢ ሳይናገሩ መሸጥ ተገቢ አይደለም። ገዢም በበኩሉ ሚዛን ይኑረው። በሽሮ ሜዳም ሆነ በሌላ ገበያ ጥልፍ የሚመረምር ሰው ልብሱን በሚታይበት ርቀት ይመልከተው፤ በእቅፍ የሚያዝ የሕፃን ቀሚስና ከሩቅ የሚታይ መጋረጃ በአንድ ዓይን አይመረመሩም። በክንድ ርቀት የማይታይ ግማሽ ሚሊሜትር የሠራተኛዋን ዋጋ ለማስቀነስ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የስንት ሰዓት ድካም አለበትና።

ጥገናው ሲያልቅ ሸማ በወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ተደፍቶ በጀርባው ይተኮሳል። ከፋይን ግን ካውያ አይንካው፤ የጋለ ብረት ጠጉሩን ያስተኛዋል፥ የወርቅ መሳዩንም ክር ሊያቀልጠው ይችላል። ከሚፈላ ውሃ እንፋሎት በላይ ራቅ አድርጎ በጀርባው በኩል ጥቂት መያዝና ሳይታጠፍ ሰቅሎ ማድረቅ፥ ከዚያም ጠጉሩን በለስላሳ ብሩሽ በተኛበት አቅጣጫ ማስተካከል ነው።