ያውቁ ኖሯል? የማሽላ ድርቅ መቋቋሚያ ብልሃቶች

• በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በተለይም በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ሲወጣ የገበሬው አለኝታ ማሽላ ነው። ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን ይጠቀልላል፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ገጽ ይቀንሳል። አገዳውን የሸፈነው ነጭ ሰምም እርጥበቱ እንዳይተን ይከላከላል።

• አንዳንዱ ማሽላ ካበበ በኋላ ድርቅ ቢመታውም ቅጠሉ ለምለም እንደሆነ ፍሬውን ይሞላል። አዳቃዮች ይህን ጠባይ ለማውረስ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት «ቢ-35» የተሰኘ ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው።

• ከድርቅ ሌላ የማሽላ ጠላት አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ነው። እንደ አቧራ የደቀቀው ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው፤ ወዲያው ሥሩ ላይ ተጣብቆ ምግቡንና ውሃውን ይመጥጣል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ይህን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር በጣም አሳንሰው የሚያመነጩ ዝርያዎችን አዳቀሉ። ከእነዚህ ውስጥ «ጎቢዬ» እና «አብሽር» ለኢትዮጵያ ገበሬ ደርሰዋል። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

• ዝርያ ሁሉ በሁሉም መሬት እኩል አይሰምርም። በአንዱ ወረዳ የደመቀው በሌላው ሊከስም ስለሚችል፣ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎችን በዋግ ኽምራ አፈርና ዝናብ ይፈትሻል።

• አዳቃይ የሌለ ጠባይ ከባዶ አያመጣም፤ መነሻው ገበሬው ለዘመናት እየመረጠ ያቆየው ነባር ዘር ነው። ምርጥ ዘር ስንቀበል ነባሩን ከጎተራችን አናጥፋ፤ የነገው ድርቅ መድኃኒት እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላልና።