ከአጋዘን እስከ ጎሽ፦ የመካከለኛ ካሊበር ጥይቶች ዳሰሳ

ትልልቅ አውሬ የሚያድኑ ሰዎች ስለ ጥይት ክርክር ሲገጥሙ መጀመሪያ የሚመዝዙት የፋብሪካ ሠንጠረዥ ነው። የዚህኛው ፍጥነት በሰከንድ ይህን ያህል ሜትር፣ የዚያኛው ጉልበት ይህን ያህል ጁል እየተባለ ይመሻል። የመካከለኛ ካሊበር ጥይቶችን ታሪክ የተከታተለ ሰው ግን አብዛኞቹን የወለዳቸው ሠንጠረዥ እንዳልሆነ ያያል። የወለዳቸው የጠመንጃ መዝጊያ ርዝመትና የገዢው ኪስ ነው። ዛሬ ምርጫ የቸገረው አዳኝም ከዚያው ቢጀምር ብዙ ክርክር ይቀርለታል።

መካከለኛ የሚባለው ክልል ሁሉም የተስማማበት ድንበር የለውም። በአብዛኛው የሚታሰበው የአረሩ ውፍረት ከ8.5 እስከ 9.5 ሚሊሜትር ግድም የሆነው ጥይት ነው፤ በኢንች ለሚቆጥሩት እንግሊዞችና አሜሪካውያን ከ.338 እስከ .375 ማለት ነው። ከዚህ በታች ለድኩላና ለአጋዘን የሚበቁት የ7 እና የ7.62 ሚሊሜትር ጥይቶች አሉ። ከዚህ በላይ ከ.416 ጀምሮ የዝሆን ጠመንጃዎች ይመጣሉ። መካከለኛው የተፈለገው ጠዋት ቆርኬ፣ ከሰዓት በኋላ ጎሽ ሊገጥመው ለሚችልና አንድ ጠመንጃ ብቻ ለያዘ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ስም 9.3×62 ነው። ይህን ጥይት በ1905 ያወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ ነው። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባለ ሁለት አፈሙዝ የዝሆን ጠመንጃ መግዛት የሚችለው ባለጸጋ ብቻ ነበር። በጀርመን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የሰፈሩት ገበሬዎችና መኮንኖች ግን የሚሹት ርካሽና የማያስቸግር መሣሪያ ነበር። ቦክም ጥይቱን በተለመደው የሞዘር 98 መዝጊያና ካዝና ልክ ሠራው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 84 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሞዘር ለእኛ አገር አንባቢም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከገዛቻቸው ሞዘሮች ብዙዎቹ መዝጊያቸው የዚሁ ዘር ነው። 9.3×62 18.5 ግራም የሚመዝን አረር (ሳጥኑ ላይ 286 ግሬን የሚለው) በሰከንድ ወደ 720 ሜትር ይወረውራል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬም በስዊድንና በፊንላንድ ሙስ ለተባለው ግዙፍ አጋዘን፣ በጀርመን ደግሞ ለዱር አሳማ አደን ይሸጣል።

የእንግሊዞቹ መልስ በ1912 መጣ። የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ኩባንያ .375 ማግነምን ሲያወጣ ለቀለሃው ከአፉ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ ሰጠው፣ ግርጌውንም መቀነት አስታጠቀው። የቀለሃው ትከሻ ለዘብ ያለ በመሆኑ ጥይቱን ማጉረሻው ውስጥ በቦታው የሚያቆመው መቀነቱ ነው። ቅርጹ ለውበት የተመረጠ አልነበረም። የዘመኑ የእንግሊዝ ባሩድ ኮርዳይት ሲሆን፣ ሙቀት ሲያገኘው ግፊቱ ይጨምራል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጠመንጃ ሲተኮስ ቀለሃው ያብጥና ማጉረሻው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። አዳኙ የመዝጊያውን እጀታ በመዳፉ እየደበደበ ሳለ የቆሰለው ጎሽ ቁጥቋጦው ውስጥ ዞሮ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ከግርጌው የሰፋ ቀለሃ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት እንዳለ ከግድግዳው ስለሚላቀቅ ቶሎ ይወጣል። በኮርዳይት የሚተኩስ ሰው ዛሬ የለም፤ ቢሆንም ለሁለተኛው ተኩስ የማያስቸግር ቀለሃ አሁንም አደገኛ አውሬ ፊት የሚቆም ሰው ወዳጅ ነው።

የ.375 እዳው ርዝመቱ ነበር። 91 ሚሊሜትር በመሆኑ በተራ ሞዘር ካዝና አይገባም፤ ረጅምና ውድ መዝጊያ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት የአሜሪካ ጥይቶች አብዛኞቹ ይህንን እዳ ለማምለጥ የተደረጉ ሙከራዎች ሆነው ይነበባሉ። በ1922 በኮሎኔል ታውንሰንድ ዌለን ስም የተጠራው .35 ዌለን የወታደሩን .30-06 ቀለሃ አንገት አስፍቶ፣ አገሩ በሞሉት ተራ መዝጊያዎች የሚሠራ ሆነ። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ባለቤቶቹ ራሳቸው በእጃቸው የሚሞሉት ጥይት ሆኖ ቆይቶ ነው ሬሚንግተን ፋብሪካ ያስገባው። ዊንቼስተር በ1958 ደግሞ የሆላንድን ባለ መቀነት ቀለሃ አሳጥሮ .338 ማግነምን አወጣ፤ ጠመንጃውን «አላስካን» ብሎ ሲሰይም ገበያው ድብና ሙስ አዳኙ መሆኑን እየተናገረ ነበር። በ2007 የመጣው .375 ሩገር ጭራሽ መቀነቱን አውልቆ ገላውን በመቀነቱ ልክ አሰፋውና፣ የሆላንድን ጉልበት በተራ ርዝመት መዝጊያ ሰጠ። እንደ ምህንድስና ከሆነ ከሁሉም የምመርጠው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ጥይቱ ያለቀበት ወይም ሻንጣው የጠፋበት አዳኝ በአንድ የአፍሪካ ከተማ ሱቅ ውስጥ ሊያገኝ የሚችለው ሳጥን ግን ብዙውን ጊዜ የድሮው .375 ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሕግ ሲሆን፣ አንዳንዴ የሰውን ምርጫ ሁሉ የሚቆርጠው እሱ ነው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው .375 ነው። ዚምባብዌ ለዝሆንና ለጎሽ የምታስቀምጠው መስፈርት ሁለት ነው፦ ውፍረቱ ከ9.2 ሚሊሜትር፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ ከ5,300 ጁል እንዳያንስ። .338 ማግነም በ16.2 ግራም አረር ጉልበቱን ይደርስበታል፤ ውፍረቱ ግን 8.6 ስለሆነ ይወድቃል። .35 ዌለን 9.1 ነው፤ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ደጅ ይቀራል። 9.3×62 ውፍረቱን ያልፍና በተለመደው የፋብሪካ ሙሌት 4,800 ጁል አካባቢ ላይ ይቆማል። .375 ሆላንድ በ5,700 ጁል አካባቢ ሁለቱንም ያሟላል። ጎሹ ይህን ሁሉ አስልቶ አይሞትም። ጠባቂው ግን መዝገቡን ይዞ ይመጣል።

ሕጉን ለመንቀፍ የዋልተር ቤልን ስም የሚጠሩ አሉ። «ካራሞጆ» በሚል ቅጽል የሚታወቀው ይህ ስኮትላንዳዊ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ሰው ነው። በእኛም አገር በጎሬ በኩል አልፎ ጊሎ ወንዝ አካባቢ አድኗል። አብዛኛውን ግዳይ የጣለው 7 ሚሊሜትር በሆነ ሞዘር ነው። ከዚህ ተነስቶ ትንሽ ጥይት ለሁሉም ይበቃል ማለት ግን ችኮላ ነው። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍቶ አንጎሉ የት እንደሚተኛ ያጠና ሰው ነበር፤ አረሩም ረጅምና የማይከፈት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ቁጥር አለ። የአረሩ ክብደት በፓውንድ ተለክቶ በኢንች ለተለካው ውፍረቱ ካሬ ሲካፈል፣ የቤል 7 ሚሊሜትር፣ የቦክ 9.3 እና የሆላንድ .375 በየመደበኛ አረራቸው ሦስቱም .305 አካባቢ ይወጣሉ። ሥጋና አጥንት ሰንጥቆ የመሄድ አቅማቸው የሚቀራረበው ለዚህ ነው። ልዩነቱ በሚከፍቱት ቀዳዳ ስፋትና ተኳሹ ለስህተቱ በሚኖረው ክፍተት ላይ ነው።

ስለዚህ ከጥይቱ ስም ይልቅ አረሩን መጠየቅ ይሻላል። አፍንጫው እርሳስ የሆነ ለስላሳ አረር ሥጋ ሲነካ ይከፈታል፤ ለአጋዘንና ለሳላ የሚፈለገው ይህ ነው። ችግሩ በአጭር ርቀት፣ በትልቅ ፍጥነት ትከሻ አጥንት ሲያገኝ ተበታትኖ ሳንባ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ጆን ኖዝለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 ካናዳ ውስጥ አንድ ሙስ ይህንኑ ካሳየው በኋላ፣ የፊቱ እርሳስ ሲከፈት የኋላው እንዲጸና መካከሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ በ1948 ለገበያ አቀረበው። በ1989 የባርንስ ኩባንያ ጭራሽ እርሳስ የሌለው የመዳብ አረር አመጣ። እርሳስ አልባው በሌላ ምክንያትም ተፈላጊ ሆኗል፤ የተበተነ እርሳስ ያለበትን ሆድ ዕቃ የሚበላ አሞራ ይመረዛልና። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው ድፍን አረር ደግሞ የዝሆንና የጎሽ ነው። ጎሽ በመንጋ ሲሆን የመጀመሪያውን በድፍን መተኮስ አይመከርም፤ አንዱን በስቶ ከኋላው የቆመውን ሊያቆስል ይችላል። ብዙ ልምድ ያላቸው የአደን መሪዎች መጀመሪያ ለስላሳውን፣ ቀጥለው ድፍኑን የሚያስጎርሱት ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን የተኳሹን ትከሻ ማንም አይጠይቀውም። በተመሳሳይ ክብደት ጠመንጃ .30-06 ወደ 27 ጁል፣ 9.3×62 ወደ 40፣ .375 ወደ 50 ጁል ግድም ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ ቁጥር ቀላል ቢመስልም፣ ሰደፉ ሲመታው ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ የሚስብ ሰው በ.375 የጎሹን ሆድ ከሚመታ በ9.3 ሳንባውን ቢመታ ይሻላል። አዲስ ገዢ ቢጠይቀኝ፣ ሕጉ እስከፈቀደለት ድረስ 9.3ን ነው የምጠቁመው። ስዊድን ለሙስ የምትጠይቀው እንኳ በ100 ሜትር ላይ አረሩ 9 ግራም ከሆነ 2,700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ 2,000 ጁል ብቻ ነው፤ 9.3 ይህን በብዙ ያልፋል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። አደን የሚፈቀደው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀጠናዎች፣ በፈቃድና በኮታ ብቻ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የመሰለ ጥብቅ ቦታ የተከለከለ ነው። የውጭ አዳኞች በብዛት የሚመጡለት ደጋ አጋዘን በዓለም ላይ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው፤ ለሳይንስ የተገለጸው በ1910 ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠንካራ አጥንት ቢኖረውም ጎሽ አይደለም። በአርሲና በባሌ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በአስታ ጫካ ዳር፣ ከገደል ማዶ ሊታይ ይችላል። በ200 ሜትር የተስተካከለ .375 በ300 ሜትር ላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ .338 ወይም ከእሱ የቀጠነ ፈጣን ጥይት ይመቻል። ቆላ ወርዶ ጎሽ የሚፈልግ ደግሞ .375 ይያዝ።

ለሁለቱም አንድ .375 ብቻ ይዞ የሚመጣ አዳኝ ለደጋው 17.5 ግራም ለስላሳ አረር፣ ለጎሹ 19.4 ግራም ለስላሳና ድፍን ቢመድብ ይሆናል። ሁሉንም ግን አደን ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ላይ ይተኩሳቸው፤ የተለያየ ክብደት ያላቸው አረሮች በአንድ ማነጣጠሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይመቱም፣ ደጋ ላይም አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለው መነጽር ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያስመታ ይችላል።