ከፍታ ምን ይለውጣል? የስፕሬይ ቀለም መሙያ ማሽን ደኅንነት በሐይቅና በአምባሰል

መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በተሁለደሬ ወረዳ ሐይቅን፣ በአምባሰል ወረዳ ደግሞ ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል። በእንዲህ ዓይነት የመንገድ ዳር ከተሞች ጋራዦች፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶችና የባጃጅ ጠጋኞች የስፕሬይ ቀለም ደንበኞች ናቸው። ጣሳው በእጅ ሲያዝ ቀላል ዕቃ ይመስላል። ሆኖም በውስጡ ቀለም፣ ቀለሙን የሚያቀጥን ተቀጣጣይ ቲነር፣ እንዲሁም በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠ ገፊ ጋዝ በአንድነት ታሽገዋል። ጣሳውን የሚጠቀም ሰው የሚያስተናግደው የአንድ ጣሳ አደጋ ነው፤ የሚሞላው ሠራተኛ ግን በቀን የብዙ መቶ ጣሳ አደጋ በእጁ ያልፋል።

የመሙያ ማሽኖች መመሪያ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ለባሕር ጠለል አካባቢ የአየር ግፊት ነው። ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ ማሽን በአካባቢው ቢተከል ከፍታው የትኛውን የደኅንነት ስሌት እንደሚለውጥና የትኛውን እንደማይነካ ማብራራት ነው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከፍታው ይበልጥ የሚለውጠው ጣሳውን ሳይሆን ጣሳው የሚሞላበትን ክፍል ነው።

አደጋው ወደ መሙያው ክፍል የገባበት መንገድ

በግፊት የሚረጭ ጣሳን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ኖርዌያዊው መሐንዲስ ኤሪክ ሮትሃይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካዊው ኤድ ሲሞር ቀለምን በዚሁ ዘዴ በጣሳ አሸገ፤ በዚያው ዘመን ሮበርት አብፕላናልፕ የሠራው ርካሽ ቫልቭ ደግሞ ምርቱን በሰፊው ለማዳረስ አስቻለ። ለረጅም ጊዜ ዋነኛ ገፊ ጋዝ ሆኖ ያገለገለው ክሎሮፍሎሮካርቦን ሲሆን፣ ይህ ጋዝ የማይቀጣጠል ነበር። ነገር ግን የኦዞን ንጣፍን እንደሚጎዳ በመረጋገጡ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ከአገልግሎት እንዲወጣ አደረገ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 የስምምነቱ አባል ሆናለች። ቦታውን በስፋት የያዙት ፕሮፔን፣ ቡቴንና አይሶቡቴን ናቸው። ርካሽ ናቸው፣ ኦዞንን አይጎዱም፤ ነገር ግን በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ስለዚህ ለሰማይ የተገኘው እፎይታ በምድር ላይ፣ በተለይም በመሙያው ክፍል ውስጥ፣ ብርቱ ጥንቃቄን ግድ አድርጓል።

የአሞላሉ ሂደት

አሞላሉ አምስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ትንንሽ የብረት ኳሶች ወደ ባዶው ጣሳ ይጣላሉ፤ ጣሳው ሲናጥ የሚሰማው ኳኳታ የእነርሱ ነው። በሁለተኛው ደረጃ በቲነር የቀጠነው ቀለም በልክ ይቀዳል። በሦስተኛው፣ ቫልቩን የተሸከመው ክዳን 25.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የጣሳ አፍ ላይ ተቀምጦ በውስጥ ያለው አየር ይመጠጣል፤ ወዲያው የማሽኑ የብረት ጣቶች ወደ ክዳኑ ገብተው ወደ ውጭ በመከፈት ክዳኑን ከጣሳው ከንፈር ሥር ያጠብቁታል። የተለመደው የማጥበቂያ ልክ በስፋት 27.2 ሚሊ ሜትር፣ በጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአራተኛው ደረጃ ገፊው ጋዝ ፈሳሽ እንደሆነ በፓምፕ ግፊት በቫልቩ በኩል ይገባል። በመጨረሻም ጣሳው ተመዝኖ፣ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተፈትኖ፣ መርጫውና ኮፍያው ይገጠሙለታል።

ከእነዚህ ሁሉ አደገኛው አራተኛው ነው። የመሙያው ራስ ከቫልቩ በተላቀቀ ቁጥር ጥቂት ጋዝ ማምለጡ አይቀርም። በዚህ ምክንያት የጋዝ መሙያው ክፍል ከቀለም መቅጃው ተለይቶ፣ ከተቻለም ከዋናው ሕንፃ ውጭ ይሠራል። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ፈንታ በታመቀ አየር ይንቀሳቀሳል፤ የብረት አካላቱ ሁሉ ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዛሉ፤ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያም ይተከላል። በተለመደው አሠራር መሣሪያው ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ ክምችት 20 በመቶውን ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፤ 40 በመቶ ሲደርስ ማሽኑን ያቆማል። የሰው አፍንጫ መሣሪያውን ሊተካ አይችልም። የወጥ ቤት ቡታጋዝ የሚሸተው ሽታ ስለተጨመረበት ነው፤ ለጣሳ የሚዘጋጀው ገፊ ጋዝ ግን ሽታው ሆን ተብሎ የተወገደ ነው።

ከፍታው የሚለውጣቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው የአየር ማስወጫው አቅም ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 0.8 ባር ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ግን 1.01 ባር ነው። አንድ መቶ ግራም ቡቴን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲተን በባሕር ጠለል ወደ 41 ሊትር፣ በሐይቅ ከፍታ ግን ወደ 53 ሊትር ቦታ ይይዛል። ቡቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ለመቀጣጠል 1.8 በመቶ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ያው መቶ ግራም በባሕር ጠለል 2.3 ሜትር ኩብ፣ በሐይቅ 2.9 ሜትር ኩብ አየርን ተቀጣጣይ ማድረግ ይችላል። የአየር ማስወጫ ቬንቲሌተር የሚሠራው በይዘት እንጂ በክብደት ስላልሆነ፣ ለባሕር ጠለል የተሰላው አቅም በዚህ ከፍታ ከሩብ በላይ መጨመር ይኖርበታል። ይህ ጭማሪ ካልተደረገ ክፍሉ የመመሪያውን ቁጥር እያሟላ የደኅንነቱን ልክ ሳያሟላ ይቀራል።

ሁለተኛው የኮምፕሬሰሩ አቅም ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር የሳሳ በመሆኑ የሚያቀርበው የታመቀ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ኮምፕሬሰሩ ከማሽኑ ፍላጎት ጋር እኩል ሆኖ ከተመረጠ፣ ሥራው በፈጠነ ጊዜ የአየሩ ግፊት ይወርዳል፤ የማጥበቂያው ጣቶችም ሙሉ ኃይል አያገኙም። በደንብ ያልጠበቀ ክዳን በዚያው ቅጽበት ላያፈስ ይችላል፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ቀስ እያለ ያፈስሳል።

ሦስተኛው የግፊት መለኪያው ንባብ ነው። ተራ ጌጅ የሚለካው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። አይሶቡቴን በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ፍጹም ግፊት 3 ባር ገደማ ነው፤ ጌጁ ግን በባሕር ጠለል 2፣ በሐይቅ 2.2 ገደማ ያሳያል። ይህን ያልተረዳ ሠራተኛ ጋዙ የበዛ መስሎት ሊቀንስ ይችላል። በአየር መምጠጡ ደረጃም እንዲሁ ነው፤ መመሪያው ከውጭው አየር በ0.6 ባር ዝቅ እንዲል ቢያዝ በባሕር ጠለል 0.4 ባር ያህል አየር በጣሳው ይቀራል፤ በሐይቅ ግን የሚቀረው 0.2 ባር ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሥራ መመሪያው በፍጹም ግፊት ይጻፍ፣ የጋዙ መጠንም በጌጅ ሳይሆን በሚዛን ይረጋገጥ።

ከፍታው የማይለውጠው

በታሸገ ጣሳ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱና በጋዙ ቅይጥ እንጂ ጣሳው በተሞላበት ከፍታ አይደለም። የሐይቅ ነፋሻ አየር እዚህ ላይ ሊያዘናጋ ይችላል። በዚህ የተሞላ ጣሳ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ደንብ በውሃ ገንዳው ፈተና ጣሳው በ55 ዲግሪ የሚኖረውን ግፊት እንዲያገኝ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ50 ዲግሪ ፈሳሹ ከጣሳው 95 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ 50 ዲግሪ ይበቃል። የሞቀው ጣሳ ቢያብጥ ወይም አረፋ ቢያወጣ ጉድለቱ ገዢው እጅ ሳይደርስ ይታወቃል።

የወጥ ቤት ቡታጋዝን በገፊ ጋዝነት ለመጠቀም መሞከርም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው። በቡታጋዝ ውስጥ ያለው የፕሮፔን ድርሻ እንደ አቅርቦቱ ይለያያል። በ50 ዲግሪ የአይሶቡቴን ፍጹም ግፊት 7 ባር ገደማ ሲሆን፣ የፕሮፔን ግን 17 ባር ይደርሳል። የተለመደ ደረጃ ያለው ጣሳ ሳይጎብጥ እንዲችል የሚጠበቀው ግን 12 ባር ነው። ቲነሩ ግፊቱን በመጠኑ ቢቀንስም፣ ቅይጡ ባልታወቀ ጋዝ የተሞላ ጣሳ በደጋ ደኅና ሆኖ ቆይቶ በቆላ ሊፈነዳ ይችላል።

የቦታ ምርጫ

ፕሮፔን ከአየር በአንድ ተኩል፣ ቡቴን በሁለት እጥፍ ይከብዳሉ። ስለዚህ ያመለጠ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በቦይ፣ በጉድጓድና በምድር ቤት ይተኛል። ተዳፋት በበዛበት በሐይቅና በአምባሰል መልክዓ ምድር ይህ ባሕርይ ሁለት ነገሮችን ይወስናል። አንደኛ፣ የአየር ማስወጫው አፍ ከወለሉ አጠገብ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከክፍሉ በታች ባለው ቁልቁለት እሳት የሚነድበት ማድ ቤት ወይም የብየዳ ሥራ ቤት መኖር የለበትም።

ለፈሳሹ ቲነር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ለከተማዋ ስሟን የሰጣት ሐይቅ ከአርዲቦ በኩል ውሃ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በተፋሰሱ ላይ የፈሰሰ ቲነር ታጥቦ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለም፤ የሚጠራቀመው ሰው ዓሣ በሚያሰግርበት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቀለም መቅጃው ወለል ፈሳሽ የማያሳልፍ፣ ዙሪያውን በእርከን የታጠረ፣ ከጎርፍ ቦይ ጋር ያልተገናኘ መሆን ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። በመሙያ ማሽን ረገድ ይህ ግዴታ መሟላት የሚጀምረው ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ነው። ገዢው ለሻጩ የቦታውን ከፍታ ማስታወቅ፣ የቬንቲሌተሩና የኮምፕሬሰሩ አቅም በዚያው ልክ ተሰልቶ እንዲቀርብ መጠየቅ፣ የጋዙን ቅይጥ የሚገልጽ ሰነድ መቀበል አለበት። ለእነዚህ የሚወጣው ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ስሌቱ ቢዘለል ግን ጉድለቱን በየቀኑ የሚሸከመው በጋዝ ክፍሉ ውስጥ የሚውለው ሠራተኛ ነው፤ እርሱም ጋዙን በዓይኑ አያየውም፣ በአፍንጫውም አያሸተውም።