ሥሎ የሚያደበዝዘው ሠዓሊ

እ.ኤ.አ. በማርች 1961 አንድ የ29 ዓመት የምሥራቅ ጀርመን ሠዓሊ ሞስኮንና ሌኒንግራድን ጎብኝቶ በባቡር ሲመለስ፣ ሻንጣዎቹን ምዕራብ በርሊን ጣቢያ አስቀምጦ ባዶ እጁን ድሬስደን ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱን ይዞ ወጣ። አንድ ወዳጃቸው በመኪና ምሥራቅ በርሊን አደረሳቸው፤ ከዚያ እንደማንኛውም ተሳፋሪ በከተማ ባቡር ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የበርሊን ግንብ ተሠራ።

ሰውየው ጌርሃርድ ሪሽተር ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት ሠዓሊዎች መካከል ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነው።

ምሥራቅ ጀርመን ሳለ የተገፋ ሰው አልነበረም። በትውልድ ከተማው በድሬስደን የሥነ ጥበብ አካዳሚ የግድግዳ ሥዕል ተምሮ፣ በ1956 ለመመረቂያው በከተማዋ የጤና ሙዚየም ግድግዳ ላይ ደስተኛና ጤነኛ ሕዝብ ሥሏል። ሥራ ነበረው፤ የመንግሥትን ፍላጎትም ያውቅ ነበር። ልቡን ያሸፈተው በ1959 ምዕራብ ጀርመን ካስል ከተማ በተካሄደው የዶኩሜንታ ዐውደ ርዕይ ያያቸው የረቂቅ ሠዓሊዎቹ የጃክሰን ፖሎክና የሉቺዮ ፎንታና ሥራዎች ናቸው። የግድግዳ ሥዕሉን በተመለከተ፣ ባለሥልጣናቱ በኋላ ቀለም ቀቡበት።

ወደ ምዕራብ ከተሻገረ በኋላ ዱሰልዶርፍ ገብቶ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነ። በ1962 ከመጽሔት ፎቶግራፍ ላይ አንድ ጠረጴዛ ሣለና መካከሉን በቀለም አጠፋው። በሥራዎቹ መዝገብ ቁጥር 1 የሚለው ይህንን ነው፤ ከዚያ በፊት የሣለውን ሁሉ ከቁጥር አላስገባውም። በቀጣዩ ዓመት ከጓደኛው ጋር አንድ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ሶፋና ወንበር በመደብ ላይ አስቀምጠው፣ ራሳቸውም እላዩ ላይ ተቀምጠው እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ታዩ። ቀልድ ነበር፤ ግን ከምሥራቁ ይፋዊ ሥዕልም ከምዕራቡ ሸቀጥም ጋር የሚላተም ቀልድ።

ስሙን ያስጠራው ዘዴ እንዲህ ነበር። የጋዜጣ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ በመብራት ወደ ሸራው ያንጸባርቅ፣ መስመሩን ይከተል፣ በግራጫ ዘይት ቀለም ልክ እንደ ፎቶው አድርጎ ይሥል ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ግን በለስላሳ ብሩሽ ይጎትተው ነበር። ፊቱ፣ ቀሚሱ፣ የግድግዳው ጠርዝ ሁሉ ይፈዛል፤ ተመልካቹ ቀርቦ ሲያይ የሚያገኘው የብሩሽ ጭረት ብቻ ነው።

በ1964 በባሕር ዳርቻ ፈገግ ያለ አንድ ቤተሰብ ሣለ፤ ከመካከላቸው አንዱ አማቱ ሐኪሙ ሃይንሪሽ ኦይፊንገር ነው። በ1965 ደግሞ አክስቱን ማሪያኔን፣ ገና ልጃገረድ ሳለች ሕፃኑን ሪሽተርን ይዛ፣ ሣላት። ማሪያኔ የአእምሮ ሕመምተኛ ተብላ እንዳትወልድ ተደርጋለች፤ በመጨረሻም በናዚ የግድያ መርሐ ግብር በ1945 መጀመሪያ ሞታለች። አማትየው የኤስኤስ አባል ነበር፤ በድሬስደን በሚመራው የሴቶች ክሊኒክም ሴቶች በግዳጅ ይመከኑ ነበር። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ጋዜጠኛ ከመዛግብት አገናኝቶ ያወጣቸው ሥዕሎቹ ከተሠሩ ወደ 40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሪሽተር የገዳዩን መዋቅር ሰውና የገዛ ቤተሰቡን ሟች፣ ግንኙነታቸውን ሳያውቅ፣ በአንድ ዓይነት ግራጫ ሥሏቸው ነበር።

በ1988 ደግሞ በእስር ቤት ሞተው የተገኙትን የቀይ ጦር ቡድን (የምዕራብ ጀርመን ግራ ዘመም ታጣቂ ቡድን) አባላት የሚመለከቱ 15 ሥዕሎች አዘጋጀ። ብዙ ጀርመናውያንን አስቆጣ፤ ግማሹ ለአሸባሪዎች እንዲታዘን አደረገ አለ፣ ግማሹ ፖለቲካውን አደበዘዘው አለ። በ1995 ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሁሉንም ገዛቸው።

በጎን ረቂቅ ሥዕል ይሠራ ነበር። ለዚህ የሚጠቀመው ብሩሽ ሳይሆን እጀታ ያለው ረጅም ፕላስቲክ ነበር። ርጥብ ቀለም ላይ ጭኖ ሲጎትተው የላዩ ንብርብር እየተቀደደ የታችኛው ይወጣል፤ ምን እንደሚወጣ ራሱም አስቀድሞ አያውቅም ነበር። በ2015 ከእነዚህ አንዱ በጨረታ ከ46 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። እሱ ግን ይህ ዓይነቱ ዋጋ ትርጉም እንደማይሰጠው በግልጽ ተናግሯል።

በ2007 ለኮሎኝ ካቴድራል የሠራው መስኮት 11,500 ገደማ ባለቀለም የመስታወት ካሬዎች አሉት፤ 72 ቀለሞች፣ አቀማመጣቸው በኮምፒዩተር ዕጣ የወጣ። የከተማዋ ካርዲናል ይህ ለመስጊድ እንጂ ለካቴድራል አይሆንም ብለው ተቹት። ትችቱ ሥራውን የሳተ ይመስላል፤ ፀሐይ ስትመታው ወለሉ ላይ የሚፈሰው ብርሃን የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም።

ከሁሉ የከበደው ሥራ በ2014 የመጣው ቢርከናው ነው። መነሻው እስረኞች በ1944 ቢርከናው ከተባለው የናዚ ማጎሪያ ውስጥ በድብቅ ያነሷቸው አራት ፎቶግራፎች ናቸው። ሪሽተር መጀመሪያ ወደ አራት ሸራዎች ገለበጣቸው፤ አልሆነለትም። ከዚያ ቀለም እየደራረበ ጎተተባቸው። አሁን የሚታየው ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነው። ርዕሱ ባይኖር ማን ያውቃል ብለው የሚጠይቁ ሐያስያን አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሪሽተር በበኩሉ ሥዕሎቹ ሲሰቀሉ የአራቱ ፎቶግራፎች ቅጂ አብሮ እንዲታይ አድርጓል። ሥራዎቹን ለገበያ አላወጣቸውም፤ በረጅም ጊዜ ውሰት ለበርሊን ሙዚየም ሰጥቷቸዋል። በ2017 የዘይት ቀለም ሥራውን ያቆመ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባብዛኛው በወረቀት ላይ ይሠራል።